የመድኃኒት ሙከራ ክፍያና የተማሪ ኪስ፦ ከመፈረም በፊት ሊታወቅ የሚገባው

በአቦምሳና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ልጅን ኮሌጅ ማስገባት በአብዛኛው የማሳ ጉዳይ ነው። ሽንኩርቱ ዋጋ ካወጣ የምዝገባው ገንዘብ ይገኛል፤ ዋጋው ከወደቀ ወይፈን ይሸጣል፣ አልያም ከዘመድ ብድር ይጠየቃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ በወጪ መጋራት ውል ድርሻውን ከምረቃ በኋላ እንዲከፍል ሲደረግ ቢቆይም፣ የመጓጓዣና የኪስ ወጪው ግን እስከ ምረቃ አይጠብቅም። በግል ኮሌጅ የሚማረው ደግሞ ጭንቀቱ በየወሩ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ «ለመድኃኒት ሙከራ ፈቃደኛ የሆነ ገንዘብ ይከፈለዋል» የሚል ወሬ የተማሪን ጆሮ ቢስብ አያስደንቅም።

ወሬው ከባዶ የመነጨ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ አንድ አዲስ መድኃኒት ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሲሞከር ተሳታፊዎቹ በብዛት ጤነኛ ሰዎች ናቸው፤ ከእነዚህም መካከል የትምህርት ወጪያቸውን ለመደጎም የሚገቡ ተማሪዎች አሉ። ክፍያው የሚታሰበው በጥናት ማዕከሉ ለሚያሳልፉት ጊዜና ለሚደርስባቸው እንግልት ነው።

አደጋው ግን በገንዘብ አይለካም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2006 ለንደን ውስጥ ስድስት ጤነኛ ወጣቶች ቲጂኤን1412 የተባለ መድኃኒት ተወጉ። ለእያንዳንዳቸው የታሰበው ክፍያ 2,000 ፓውንድ ነበር። የተሰጣቸው መጠን በእንስሳት ላይ ጉዳት አላደረሰም ከተባለው 500 ጊዜ ያነሰ ቢሆንም፣ በሰዓታት ውስጥ ስድስቱም በጽኑ ታመሙ፤ የውስጥ አካላታቸውም ሥራ አቆመ። ሁሉም በሕይወት ተረፉ፤ አንደኛው ግን የጣቶቹን ጫፎች አጥቷል። መድኃኒቱ በደቂቃዎች ልዩነት በተከታታይ መሰጠቱ ክፉኛ አስተችቷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ሰው ሁኔታ ሳይታይ ቀጣዩን አለመውጋት የጥንቃቄ ደንብ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ በፈረንሳይ ሬን ከተማ በተካሄደ ተመሳሳይ ሙከራ አንድ ፈቃደኛ ሕይወቱ አልፏል። እንዲህ ያለ አደጋ እምብዛም የማይከሰት መሆኑ ግን መዘንጋት የለበትም።

በኢትዮጵያ መልኩ ይለያል። እዚህ የሚካሄዱት ሙከራዎች በአመዛኙ በሕሙማን ላይ፣ እንደ ወባ፣ ሳንባ ነቀርሳና ካላዛር ባሉ በሽታዎች ዙሪያ ናቸው። የሚሰጠውም ገንዘብ ደመወዝ ሳይሆን የትራንስፖርትና የባከነ የሥራ ጊዜ ማካካሻ ነው። ለአዋሽ ዳርቻ ነዋሪ የወባው ምሳሌ ቅርብ ነው። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ያገረሻል። ይህን የሚከላከለው ፕሪማኩዊን ለ14 ቀናት ይወሰድ ስለነበር ብዙዎች ትኩሳቱ ሲለቃቸው ያቋርጡታል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በአራት አገሮች የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ዕለታዊውን መጠን ከፍ አድርጎ ለ7 ቀናት መስጠት ከ14ቱ የማያንስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። ይሁንና ጂ-ስድስት-ፒ-ዲ የተባለ ኢንዛይም ለሚያንሰው ሰው ይኸው መድኃኒት ቀይ የደም ሕዋስን ስለሚያፈርስ፣ ተሳታፊዎች አስቀድመው በደም ምርመራ ይለያሉ።

ገንዘብ ትልቁን ችግር የሚፈጥረውም በዚህ የመለየት ደረጃ ላይ ነው። አርሶ አደሩ ይህን ከማንም በላይ ይረዳዋል። ከመልካሳ ወይም ከቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የወጣ አዲስ ዝርያ በአርሶ አደር ማሳ ሲሞከር አንዱ ቁራሽ አዲሱን፣ ሌላው ነባሩን ዘር ይይዛል። (በዕጣ የመመደብ ዘዴው ራሱ በ1920ዎቹ በእንግሊዙ የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ የዳበረና በኋላ ወደ ሕክምና የተሻገረ ነው።) አንድ ሰው አዲሱ ዘር ባለበት ቁራሽ ላይ በስውር ዩሪያ ቢጨምር የሚሳሳተው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ዘሩን አምኖ የሚገዛው ወረዳ ሁሉ ነው። ክፍያው እንዳይቀርበት የቆየ ሕመሙን፣ የሚወስደውን ክኒን ወይም በሌላ ሙከራ ውስጥ መሆኑን የሚደብቅ ተማሪም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ ማሳው የራሱ ሰውነት መሆኑ ነው። ፈረንሳይ ፈቃደኞችን በብሔራዊ መዝገብ የምትይዘውና አንድ ሰው በዓመት ሊያገኝ በሚችለው ክፍያ ላይ ጣሪያ ያስቀመጠችው ለዚሁ ነው።

በኢትዮጵያ በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ማንኛውም ክሊኒካዊ ሙከራ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ማግኘት አለበት። የክፍያው መጠንም በሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ ይታያል፤ ሰውን አሳውሮ የሚያስፈርም ብር ተገቢ አይደለም ተብሎ ሊከለከል ይችላል። እንዲሳተፍ የተጠየቀ ተማሪ ፈቃዱንም ሆነ የኮሚቴውን ውሳኔ አሳዩኝ ማለት ይችላል። ቅጹ በሚገባው ቋንቋ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ሊሰጠው፣ ለጉዳት የሚደረገው ሕክምና በማን ወጪ እንደሆነም ተጽፎ ሊያገኘው ይገባል። ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች ከሆነ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ ያስፈልጋል።

በማንኛውም ቀን ምክንያት ሳይሰጥ መውጣት መብቱ ነው። ሲወጣም እስከዚያ ቀን የተመላለሰበት ሊከፈለው ይገባል። «ካልጨረስክ ምንም አታገኝም» የሚል ውል የቀረበለት ወጣት ከመፈረሙ በፊት በቅጹ ላይ በሰፈረው የኮሚቴው ስልክ ቢደውል መልካም ነው።