የወፍጮ ሞተር ለምን ይታነቃል?

ከዳባት ወደ ደባርቅ፣ ከደባርቅም ወደ ስሜን ግርጌ ቀበሌዎች የሚጓዝ ሰው የናፍጣ ወፍጮ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። በከተሞቹ ኤሌክትሪክ ስለ ገባ ብዙው ወፍጮ በመብራት ኃይል ይሠራል። ከመሥመሩ ራቅ ባለው አገር ግን ገብሱንም ስንዴውንም የሚፈጨው ያው የናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር የቆመ ዕለት እህሏን ተሸክማ የመጣች ሴት ወይ ወደሚቀጥለው ወፍጮ ቤት ትሄዳለች፣ ወይም ተመልሳ በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ ታመሻለች።

ሞተር ከሚያቆሙት ነገሮች አንዱ፣ ብዙ ጊዜም የማይጠረጠረው፣ ለማቀዝቀዣ የሚጨመረው ውሃ ራሱ ነው። የማንቆርቆሪያ ክዳን ከፍቶ ውስጡን ያየ ሰው በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ያው ቅርፊት በሞተሩም ውስጥ ይጋገራል።

ቅርፊቱ ከየት ይመጣል? የስሜን ተራራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ቀልጦ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ የተሠራ ነው። ዝናብ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ደካማ አሲድ ይሆንና በድንጋዩ ስንጥቅ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያሟሟል። ከምንጩ ሲወጣ ጥርት ያለ ነው፤ ኖራው በሻይ እንደገባ ስኳር ሟሙቶ ስላለ አይታይም። ውሃው ሲሞቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፤ ሟሙቶ የነበረው ካልሲየም ባይካርቦኔትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ ማለትም ኖራ ድንጋይ ሆኖ በጋለው ብረት ላይ ይለጠፋል። ይህን ፎርሙላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ያልጻፈ የኬሚስትሪ ተማሪ የለም፤ ከእናቱ ማንቆርቆሪያ ጋር ያገናኘው ግን ጥቂቱ ነው።

በትናንሾቹ የወፍጮ ሞተሮች ውሃው ከሲሊንደሩ በላይ ባለ ክፍት ገንዳ ውስጥ እየፈላ በእንፋሎት ይሄዳል፤ ሞተረኛውም በጀሪካን ይተካል። እንፋሎቱ ንጹሕ ውሃ ነው፤ ኖራውን ይዞ አይሄድም። እንግዲህ እናስላ። በአንድ ሊትር ውሃ 200 ሚሊ ግራም ኖራ አለ፣ በቀንም 40 ሊትር ይተናል እንበል። በቀን 8 ግራም፣ በ300 የሥራ ቀን 2 ኪሎ ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ድንጋይ ገንዳው ውስጥ ይቀራል ማለት ነው። ሞተሩ ሲግል ሞተረኛው አብዝቶ ይጨምራል፤ መድኃኒት ብሎ የሚጨምረው ውሃ ሕመሙን ያብሰዋል።

በበርሜል የሚቀዘቅዙት ትልልቆቹ ሞተሮች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። በእነርሱ የሞቀው ውሃ በላይኛው ቱቦ ወደ በርሜሉ ይወጣል፣ የቀዘቀዘው በታችኛው ይመለሳል። በምፅዋ ወደብ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ በባሕር ዳር በ94 ገደማ። ከ2,800 ሜትር የማያንስ ከፍታ ባላት በደባርቅ ግን በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በቆላ ሳይፈላ የሚውል በርሜል እዚህ ቶሎ ይንተከተካል፣ ቶሎም ይጎድላል።

በጣና የሚመላለሱት የሞተር ጀልባዎች ከዚህ መከራ በመጠኑ የዳኑ ናቸው። የጀልባ ሞተር ከሐይቁ ውሃ እየሳበ ያልፍበታል፤ ውሃው ሳይፈላ ተመልሶ ስለሚወጣ አብዛኛውን ኖራ ይዞት ይሄዳል። የወፍጮው ውሃ ግን መውጫው እንፋሎት ብቻ ነው።

ቅርፊቱ የሚጎዳው ሙቀት ስለማያሳልፍ ነው። የ1 ሚሊ ሜትር ቅርፊት ሁለት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ያህል ሙቀቱን ያግዳል። ውሃው በልክ የሞቀ ሲመስል ብረቱ ከውስጥ ይነዳል፤ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ ቴስታታው ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ የሚደፋበት ሰው ስንጥቁን በገዛ እጁ ያፋጥነዋል።

ቅርፊቱን በመሮ መፈልፈል ብረቱን ያቆስላል እንጂ ከጠባቡ ቦታ አያደርስም። የሚያወጣው አሲድ ነው። አስቀድሞ ከቅርፊቱ ትንሽ ሰብሮ ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ይገባል። አረፋ ካወጣ ኖራ ነው። ካላወጣ ዝገት ወይም ከጥቁር ድንጋዩ የመጣ ሲሊካ ሊሆን ስለሚችል በኮምጣጤ መድከም ከንቱ ነው። አንድ ኪሎ ኖራ ለማሟሟት 5 በመቶ የሆነ ኮምጣጤ 24 ሊትር ያህል ይጠይቃል። የሎሚ ጭማቂም ከዚያ ብዙ አያንስም፤ ከሎሚ ነጋዴ በቀር ማንንም አይጠቅም። የሎሚን ኮምጣጣነት የሚሰጠው ሲትሪክ አሲድ የተባለው ዱቄት ግን 1 ኪሎ ከ300 ግራም ያህል ይበቃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፣ ውሃውም ይፍሰስ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ 50 ግራም ዱቄት አሟሙቶ ገንዳውን መሙላትና ጋዙ እንዲወጣ ክዳኑን ከፍቶ ሦስት አራት ሰዓት መተው ነው። አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ካለ አሲዱ ደክሟልና በአዲስ ይለወጥ። በመጨረሻ የተፈረካከሰው ቱቦውን እንዳይዘጋ በብዙ ውሃ ማጠብ፣ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ በገባበት ውሃ ማለቅለቅ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

የባትሪ አሲድ የሚያፈስ ሰው አይጠፋም። ይህ ከኖራው ጋር ሲገናኝ ጀሶ ይፈጥራል፤ ጀሶውም በቀረው ቅርፊት ላይ ሽፋን ሆኖ ሥራውን ያቆማል፣ አሲዱም ወደ ብረቱ ይዞራል። የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ የሆነው ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ኖራውን ቶሎ ያነሣል፤ ብረቱንም፣ ይልቁንም አሉሚኒየሙን፣ እንዲሁ ቶሎ ይበላል። ዓይንና እጅንም አይምርም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ኖራ የሌለበትን ውሃ መጠቀም ነው። እርሱም ከሰኔ እስከ መስከረም በወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ በነጻ ይወርዳል። 30 ካሬ ሜትር የሆነ ጣሪያ ከአንድ የ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 300 ሊትር ይሰጣል፤ ከላይ ባሰላነው መሠረት የሳምንት ውሃ ነው። የሚያስፈልገው አሸንዳና ክዳን ያለው በርሜል ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራ አጥቦ እስኪሄድ ግን በርሜሉን ከአሸንዳው ሥር አለማስቀመጥ ነው።