ምዕራፍ 6፦ ለሮማን መጋረጃ የትኛው ጨርቅ?

ስለ መጋረጃ ጨርቅ የሚሰጠው ምክር ከዓመት ዓመት አይለወጥም። «ጥጥ አየር ያስገባል፣ ፖሊስተር ዕድሜ አለው፣ ሐር ግርማ ሞገስ ይሰጣል፣ ሊነን ዘመናዊ ነው።» ሻጩም ይህንኑ ይላል፣ መጽሔቱም ይህንኑ ይደግማል። እኔን ያበሳጨኛል። ከጥጥ ነጠላም ይሠራል፣ ጂንስም ይሠራል፣ ድንኳንም ይሠራል። ታዲያ «ጥጥ ግዛ» የተባለ ሰው ምን ይዞ ይመለስ? ጨርቁ እንዴት እንደተሸመነ፣ ምን ያህል እንደሚከብድና ሲታጠፍ ምን እንደሚሆን ካልተነገረው ምንም አልተነገረውም።

ገመዱ ሲሳብ ወደ ላይ እየታጠፈ በሚሰበሰበው ሮማን መጋረጃ ላይ ከሁሉ በፊት ሁለት ሥራዎችን እንለይ። የፊቱ ጨርቅ ሥራው መታጠፍ ነው። ብርሃን መከልከል፣ ፀሐይ መመከት፣ የጎረቤት ዓይን መመለስ የገበሩ ሥራ ነው። ሁለቱን ከአንድ ጨርቅ የሚጠብቅ ሰው ወፍራም ጨርቅ ይገዛል፤ ወፍራም ጨርቅ ደግሞ ሮማን መጋረጃን ያበላሻል።

ተራ መጋረጃን እንደ ነጠላ ቁጠሩት፤ ጣል ቢያደርጉት በራሱ ይወርዳል፣ ቢረዝም ቢያጥርም ያምርበታል። ሮማን መጋረጃ ግን ኮት ነው። ልክ አለው፣ ገበር አለው፣ ቅርጹን የሚይዝለት ነገር በውስጡ አለው። በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ከኋላ የሚገቡት ዘንጎች ያንን ቅርጽ ይይዛሉ። ከላይ ቬልክሮ የሚሰፋበት ጠርዝ የኮቱ ትከሻ ነው፤ ትከሻው በግማሽ ጣት ካዘመመ ታችኛው ጠርዝ ሁሉ ያዘምማል። ገመዱ የሚያልፍባቸው ቀለበቶች አዝራሮቹ ናቸው፣ እኩል ካልተደረደሩ ደረቱ ይጨማደዳል። ለባሹ መስኮቱ ነው፤ ለባሹ ደግሞ ሁልጊዜ ቀጥ ያለ ትከሻ የለውም፤ የኮንዶሚኒየም መስኮት ከላይና ከታች ስፋቱ መለያየቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ ኮት ሰፊ ደረትን፣ ወገብንና ዳሌን እንደሚለካ መስኮትም ላይ፣ መሃልና ታች ይለካል። ኮት ከሚለጠጥ ጨርቅ አይሰፋም፤ ቡልኮም ኮት አይሆንም። የኮት ገበር ከፊቱ ጨርቅ ቀድሞ ከተሰበሰበ ፊቱ ይቆነጠጣል፤ ሮማን መጋረጃም እንዲሁ ነው። ገበሩንም ፊቱንም ሳያጥቡ የሚቆርጡ ሰፊዎች አሉ። ጥጥ በመጀመሪያው አጠባ ከመቶ 3 እስከ 5 ሊያጥር ይችላል፤ በ150 ሳንቲ ሜትር መጋረጃ ላይ ይህ እስከ 7.5 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። ኮት ያዘዘ ሰው እጅጌው 7 ሳንቲ ሜትር ቢያጥርበት አይቀበልም፤ መስኮታችሁም አይቀበል።

አሁን ወደ ክብደት። ለፊቱ ጨርቅ በካሬ ሜትር ከ200 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ጥሩ ነው። ቁጥሩ ጣቃው ላይ ካልተጻፈ በእጃችሁ መዝኑት፦ ከሸሚዝ ጨርቅ ወፈር ያለ፣ ከጂንስ ሱሪ ሳሳ ያለ። ለምን እንደሆነ በሒሳብ እንየው። 150 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው መጋረጃ በ30 ሳንቲ ሜትር ሲታጠፍ አምስት እጥፋት ይኖረዋል። እያንዳንዱ እጥፋት ሁለት ጊዜ የፊቱን፣ ሁለት ጊዜ ገበሩን ይደርባል። መጋረጃው ሙሉ በሙሉ ሲሰበሰብ ሃያ ድርብ ጨርቅ ከመስኮቱ በላይ ይቆማል። ከፋይ ከሆነ ያ ክምር ወደ ክፍሉ ሆዱን ይነፋል፣ ገመዱ ይከብዳል፣ እጥፋቱም እንደ ትራስ ያብጣል። ሳሎኑን በቀይ ከፋይ ማድመቅ የሚፈልግ ሰው ወደ ጎን የሚከፈት መጋረጃ ያሰፋበት፣ እዚያ ከፋይ ንጉሥ ነው።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ ከጣቃው አንድ ክንድ ያህል አውርዱና እንደ ወረቀት እጠፉት። እጥፋቱን በጥፍራችሁ አንድ ጊዜ ሂዱበትና ልቀቁት። እንደ ስፕሪንግ ተመልሶ ከተዘረጋ ግትር ነው፤ ከተልፈሰፈሰና መስመሩ ከጠፋ ልል ነው። መስመሩን ይዞ ቀስ ብሎ የሚከፈተውን ነው የምትፈልጉት። ቀጥሎ ሁለት ማዕዘኖቹን ይዛችሁ በሰያፍ ሳቡት። ብዙ ከተሳበ ዘንጎቹ መሃል ላይ ይሰቀልና እንደ ሆድ ይወርዳል።

ሦስተኛውን ፈተና ሰው ሁሉ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጠዋለሁ። ባለ መስመር ወይም ባለ አራት ማዕዘን ሕትመት ያለው ጨርቅ ከሆነ ከተቆረጠው ጫፍ አንድ ማግ መዝዛችሁ አውጡ። የተመዘዘው ክር ጥሎት የሚሄደው ቀጭን መስመር ከሕትመቱ ጋር ትይዩ ነው? ርካሽ ሕትመት ብዙ ጊዜ ከሽመናው ያዘመመ ነው። ሽመናውን ተከትላችሁ ብትቆርጡ ሕትመቱ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይወድቃል፤ ሕትመቱን ተከትላችሁ ብትቆርጡ መጋረጃው ከሁለት ወር በኋላ ይጣመማል። በዚህ ጨርቅ ላይ የትኛውም ሰፊ ምንም ማድረግ አይችልም። በተራ መጋረጃ ሽብሽብ ውስጥ ግን አይታይም፣ ለዚህም ነው ሻጩ «ብዙ ሰው ወስዶታል» የሚላችሁ፤ እውነቱንም ነው።

ስለ ሊነን አንድ ነገር ልጨምር። ከተልባ ግንድ የሚወጣው ይህ ክር አየሩ ሲረጥብና ሲደርቅ ርዝመቱ ይለዋወጣል። በሐምሌ መስኮቱን ልክ ይዞ የነበረ መጋረጃ በታኅሣሥ ሌላ ልክ ሊይዝ ይችላል። ሊነን የምትወዱ ሰዎች (እኔም እወደዋለሁ) ከጥጥ ወይም ከፖሊስተር ጋር የተቀላቀለውን ፈልጉ፤ መልኩን ጠብቆ አቋሙን ያጸናል።

የብርሃን ነገር የአዲስ አበባ ሰው ከማንም በላይ ሊያስብበት ይገባል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብለን ነው የምንኖረው፤ በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። የምሥራቅና የምዕራብ መስኮት ዝቅ ያለችውን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ደግሞ የደቡቡ መስኮት ቀኑን ሙሉ ይመታል። ሐር በዚህ ብርሃን መደብዘዝ ብቻ አይደለም፣ ክሩ ራሱ እየተሰባበረ ይቀደዳል። ያለ ገበር ሐር መስቀል ብር ማቃጠል ነው። የጨርቆች ቀለም ለብርሃን ያለው ጽናት ከ1 እስከ 8 በሚደርስ መለኪያ ይለካል፤ 8 ጠንካራው ነው። መረጃው ካለ ጠይቁ፣ ለመስኮት ከ5 በታች የሆነ አልገዛም።

እዚህ ላይ ነው ከብዙ ሻጮች ጋር የምጋጨው። ለሁሉም ክፍል ብላክአውት፣ ማለትም ብርሃንን ጨርሶ የሚከለክል ጨርቅ ይሸጣሉ። በላስቲክ መሰል ነገር የተለበጠ ጨርቅ በሮማን መጋረጃ ላይ መርፌ በወጋው ቦታ ሁሉ ብርሃን ያፈሳል፤ ጠዋት ስትነሡ በየዘንጉ መስመር የነጥብ ሰልፍ ታያላችሁ። ርካሹ ደግሞ በየዕለቱ በሚታጠፍበት መስመር ይሰነጠቃል። ለመኝታ ቤት፣ በተለይ ቀን ለሚተኛ የማታ ሠራተኛ፣ ጥሩው ዓይነት በገበርነት ይግባ። ለሳሎን ግን ጠበቅ ብሎ የተሸመነ ነጭ የጥጥ ገበር ይበቃል፤ ብርሃኑን ያለዝባል፣ ከውጭም ሁሉም መስኮት አንድ መልክ ይኖረዋል።

«የሀገር ጨርቅ ለሮማን አይሆንም» የሚሉም አሉ። ይሆናል። ነጠላ ይሳሳል፣ ቡልኮ ይወፍራል፤ ለቀሚስ የሚሸመነው ጠበቅ ያለው መነን ግን ውብ ሆኖ ይታጠፋል። አንዲት ደንበኛዬ ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ባለ ጥበብ መነን ይዛ መጣች፤ ሌላ ሰፊ «ስፋቱ አይበቃም» ብሎ መልሷት ነበር። እውነት ነው፣ የእጅ ሽመና ስፋቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር በታች ነው። መሃል ላይ ብንቀጥለው ፊቱን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ይሆን ነበር። ሙሉውን ስፋት መሃል አድርገን በግራና በቀኝ እኩል ቀጠልን፤ ስፌቱ የታሰበበት ክፈፍ መሰለ። ጥበቡን ደግሞ ታችኛው እጥፋት ላይ አዋልነው። ታችኛው እጥፋት ከሌሎቹ ትንሽ ስለሚረዝም መጋረጃው ተሰብስቦም ጥበቡ ይታያል። ዘንጉ በጥበቡ ላይ እንዳያልፍ ብቻ ልኩን ቀድሞ ማስላት ያስፈልጋል፤ ክሩ ወፍራም ስለሆነ መርፌ ሲያልፍበት ይጎረብጣል።

ለማድ ቤት ሐሳባችሁን አታብዙ፦ ቀላል ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጥጥ፣ ያለ ገበር፣ በቬልክሮ ቶሎ የሚነቀል። ዘይትና እንፋሎት የሚነካው መጋረጃ ቶሎ ቶሎ መታጠብ አለበት፣ ዘንጎቹም ተመዘው መውጣት አለባቸው።

ስትገዙ ለክፍሉ መስኮቶች ሁሉ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ፣ ከአንድ ጣቃ አስቆርጡ። ያው ቀለም ነው ተብሎ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ጣቃ በሌላ ጊዜ የተነከረ ነው፤ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ልዩነቱ ከበር ይታያል። ትልቅ አበባ ያለው ጨርቅ ከሆነ አበባው በስንት ሳንቲ ሜትር እንደሚደገም ለኩና ለእያንዳንዱ መስኮት አንድ ድግግሞሽ ያህል ጨምሩ፤ ለመቀምቀሚያ የሚሆነውን ከዚያ ለብቻው አስቡ።