በእጅ የተሠራ አውሮፕላንና ሸካራ ሜዳ

አውሮፕላንን በገዛ ቤቱ ገጣጥሞ ለሚያበር ሰው ፈተናው በሰማይ ብቻ አይደለም፤ ምድርም የራሷን ዋጋ ትጠይቃለች። ለዚህ ሁነኛ አስረጅ የሚሆኑት በአሜሪካ፣ በኦሪገን ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የቫንስ ኤርክራፍት ኩባንያ ለገጣጣሚዎች ሲያቀርባቸው የኖሩት የ«አር ቪ» አውሮፕላኖች ናቸው።

ከእነዚህ መካከል «አር ቪ 6ኤ»ን የመሳሰሉት፣ ከሞተሩ መቀመጫ ወደ ፊት አዘንብሎ የሚወርድ አንድ ቀጭን የብረት እግር አላቸው። በእግሩ ጫፍ ላይ በሹካ የተያዘ ትንሽ ጎማ ይገኛል።

አደጋው የሚደርሰው እንዲህ ነው። ጎማው ከጉድጓድ ሲገባ እግሩ ይለመጣል፤ የሹካው ዳዶም መሬቱን ያርሳል። በዚህ ጊዜ እግሩ ከሆዱ ሥር ይታጠፍና አውሮፕላኑ በጀርባው ይገለበጣል። አብራሪውም የመስተዋቱ ክዳን አልከፈት ብሎት ሊታገት ይችላል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2007 ሹካውን አሻሽሎ ዳዶውን ከመሬት በ2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ያደረገው ይህንኑ ለመከላከል ነበር።

ሆኖም ብረት ብቻውን አያድንም። የጎማው ንፋስ በተወሰነለት መጠን ይሞላ፤ ኩሽኔታው ጎማውን አንቆ እንዳይዝ ይፈተሽ፤ በጎማው ሽፋን ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭቃና ሣር ይጠረግ። አብራሪው በኋለኞቹ ጎማዎች ይረፍ፤ መሪውንም ወደ ራሱ ስቦ የፊቱን ጎማ እስከተቻለው ድረስ ከመሬት ያርቅ። ፍሬን ክብደትን ወደ ፊት ስለሚገፋ በኃይል አይርገጥ። በሸካራ ሜዳ ላይ በዝግታ ይንዳ፤ የማያውቀውን ሜዳ ደግሞ አስቀድሞ በእግሩ ተዘዋውሮ ይመርምር። አንዲት ጉድጓድ የዓመታትን ድካም በቅጽበት ታፈርሳለችና።