አዲስ ስልክ የገዛ ነጋዴ ኢንተርኔቱ ስለ ምን አይፈጥንለትም?

በወልድያ፣ በመርሳና በተቀረው የሐብሩ ወረዳ የሚሠራ ነጋዴ ዛሬ ተንቀሳቃሽ ስልክን እንደ ሚዛንና እንደ ደረሰኝ ጥራዝ ከሥራው መሣሪያ አንዱ አድርጎ ይዞታል። የመርሳ የፍራፍሬ ነጋዴ የማንጎውን ፎቶግራፍ ለደሴና ለአዲስ አበባ ደንበኛው ይልካል፤ የወልድያ ባለሱቅም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው በቴሌብር ሂሳቡን ይቀበላል። ስለዚህ የኢንተርኔት መዘግየት የገበያ መዘግየት ሆኗል።

ይኸን ለማቃለል ሲል ብዙ ገንዘብ አውጥቶ አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው ግን፣ አንዳንድ ጊዜ ፍጥነቱን እንደ ቀድሞው፣ አልፎ አልፎም ከቀድሞው ብሶ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ገዢው ሻጩን፣ ሻጩ አስመጪውን፣ አስመጪው ደግሞ አገልግሎት ሰጪውን ይወቅሳል። ምክንያቱ ቢታወቅ ግን አብዛኛው ክርክር ከሱቁ ደጃፍ ሳይወጣ የሚያልቅ ነው።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው ፍጥነት በስልኩ ብቻ የማይወሰን መሆኑ ነው። ስልኩ፣ ሲም ካርዱና የማማው ሬዲዮ እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ቢያጥር ድስቱ ያዘነብላል። በአገራችን ተንቀሳቃሽ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተጀመረ፤ 4ኛው ትውልድ የሚባለውም በ2007 ዓ.ም. በዚያው ሥራ ጀምሮ ኋላ ወደ ክልሎች ተስፋፋ። 2ኛው ትውልድ ከነማሻሻያው በሰከንድ 400 ኪሎቢት ገደማ ሲያደርስ፣ 3ኛው በተሻሻለው ዓይነቱ 21 ወይም 42 ሜጋቢት፣ 4ኛው በተለመደው ስልክ እስከ 150 ሜጋቢት በወረቀት ላይ ይደርሳል። 8 ቢት 1 ባይት ስለ ሆነ፣ 5 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ 40 ሜጋቢት ነው። ይኸውም በ400 ኪሎቢት 100 ሰከንድ ሲፈጅ፣ በ10 ሜጋቢት 4 ሰከንድ ብቻ ይበቃዋል። ሆኖም የማማው ፍጥነት በሥሩ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ የሚከፋፈል በመሆኑ፣ በገበያ ቀን የአንዱ ሰው ድርሻ ማነሱ አይቀርም።

አዲስ ስልክን ከሚያዘገዩት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ የሬዲዮው ሞገድ። አንድ የስልክ ስም ለልዩ ልዩ አገሮች በልዩ ልዩ የሞዴል ቁጥር ይሠራል። በአፍሪካ፣ በአውሮጳና በእስያ ብዙ አገሮች 4ኛው ትውልድ በ1800 ሜጋኸርዝ ሲሠራ፣ በአሜሪካ 700፣ 1700ና 1900 ሜጋኸርዝ የተለመዱ ናቸው። ማማው የሚሠራበት ሞገድ የሌለው ስልክ አይበላሽም፤ ነገር ግን ምንም ሳይናገር ወደ 3ኛው ወይም ወደ 2ኛው ትውልድ ይወርዳል። ከዚህም በላይ ዝቅተኛው ሞገድ ሩቅ ሲደርስ ከፍተኛው ቶሎ ስለሚደክም፣ ከከተማ ርቆ ከተራራ ጀርባ ባለ የሐብሩ ቀበሌ ዝቅተኛውን ሞገድ የሚቀበል ስልክ ብልጫ አለው።

2ኛ/ ሲም ካርዱ። በ2ኛው ትውልድ ዘመን የወጣ አሮጌ ሲም ካርድ በ4ኛው ትውልድ አይሠራም። ቁጥሩ ሳይለወጥ በአገልግሎት ሰጪው ሱቅ በአዲስ ማስቀየር ይቻላል።

3ኛ/ የሲም ካርዱ ስፍራ። ሁለት ሲም በሚይዙ አንዳንድ ስልኮች አንደኛው ስፍራ ብቻ 4ኛውን ትውልድ ይቀበላል። ሲሙን ከአንዱ ወደ ሌላው ማዛወር ያለ ወጪ የሚደረግ መድኃኒት ነው።

4ኛ/ የስልኩ አሠራር። አዲስ ስልክ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የቆዩ ፎቶግራፎችንና የፕሮግራም ማሻሻያዎችን ከበስተጀርባ ስለሚያወርድ የባለቤቱን ድርሻ ይሻማል። እንዲሁም በ4ኛው ትውልድ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ ጥሪ ሲመጣበት ወደ ታችኛው ትውልድ ስለሚወርድ፣ ኢንተርኔቱ በንግግሩ ጊዜ ይዳከማል ወይም ይቋረጣል።

5ኛው ትውልድ የሚል ጽሕፈት ያለበትን ስልክ በተመለከተ፣ ይኸው አገልግሎት በግንቦት 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሙከራ መልክ የተጀመረ ሲሆን፣ ገዢው ጥቅሙን የሚያገኘው ማማው ይኸንኑ አገልግሎት በሚሰጥበት ስፍራ ብቻ ነው። በሌለበት ስፍራ ለጽሕፈቱ የተከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ለጊዜው በከንቱ የወጣ ነው። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወልድያ ከደረሰ በኋላ የስልክ አገልግሎት ተቋርጦ በቆየባቸው ወራት፣ ውድ ስልክ ያለ ማማ ከእጅ ባትሪ እንደማይበልጥ አካባቢው ሁሉ አይቶታል።

ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት አሮጌውንና አዲሱን ስልክ በአንድ ስፍራና በአንድ ሰዓት፣ በአንዱ ሲም ካርድ እያፈራረቁ ሦስት ሦስት ጊዜ መለካት ይገባል። ሁለቱም ከዘገዩ ነገሩ በማማው ወይም በሲም ካርዱ ነው፤ ሌላ አዲስ ሲም ገብቶበት ከፈጠነ ጥፋቱ የሲሙ ነው። አሮጌው ፈጥኖ አዲሱ ብቻ ከዘገየ ግን ስልኩን ወይም አሠራሩን መመርመር ያሻል።

ስለዚህ አስመጪው ብዙ ዕቃ ከማዘዙ አስቀድሞ የሞዴሉን ቁጥርና የሚቀበላቸውን ሞገዶች ከአገልግሎት ሰጪዎቹ ጋር ቢያመሳክር፣ አንድ ናሙናም አስመጥቶ ከአዲስ አበባ ውጭ ጭምር ቢያስሞክር ከኪሣራ ይድናል። ባለሱቁ ደግሞ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ሲጫን የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ መለያ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያይ፤ መለያውንና የሞዴሉን ቁጥርም በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ከሁሉ ይልቅ ስልኩን ገዢው ባለበት በገዢው ሲም ካርድ ሞክሮ ቢያሳይ፣ ጥቂት ደቂቃ ቢያባክን ነው፤ ደንበኛውን ግን ያቆያል።