መሸኛ የሌለው ተማሪ ወዴት ይግባ?

ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ቆቦን ለቆ አላማጣ ከመድረሱ አስቀድሞ የሚያገኛት ዋጃ፣ በራያ ቆላ የማሽላና የጤፍ ሜዳ መካከል የተቀመጠች ከተማ ስትሆን፣ በዚሁ ጎዳና ላይ ባለፉት ዓመታት ነጋዴና ገበያተኛ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ዘግቶ ልጆቹን አስከትሎ የተሰደደ ሕዝብም ተመላልሶበታል። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በአላማጣ አካባቢ ግጭት በተነሣ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የተፈናቃዩን ብዛት ከ50,000 በላይ ሲገምተው፣ የሚበዛው ወደ ቆቦ የወረደ ነበር። እንዲህ ባለው መከራ ወላጅ ሕፃኑን አዝሎ ጥቂት ስንቅ ቢይዝ ነው እንጂ የልጁን የውጤት ካርድ ፈልጎ ለማውጣት ፋታ የለውም።

በአገራችን ልማድ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው የሚዛወር ተማሪ መሸኛና የውጤት ማስረጃ ይዞ ይቀርባል፤ በሰላም ዘመን ይህ ሥርዓት ማጭበርበርን የሚከለክል ደግ ሥርዓት ነው። ነገር ግን መሸኛውን የሚፈርመው ርዕሰ መምህር ራሱ ከተሰደደ፣ ሮስተሩም የተቀመጠበት ቢሮ ከተዘረፈ፣ ወረቀት አምጣ ማለት ልጁን አትማር ከማለት በምን ይለያል? የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት ውሳኔ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት እንዲቀድም ያዝዛል፤ ኢትዮጵያ በ2012 ዓ.ም. ያጸደቀችው የካምፓላ ስምምነትም ለተፈናቃዮች ትምህርት እንዲቀርብና የጠፋ ሰነዳቸው ያለ አስቸጋሪ ቅድመ ሁኔታ እንዲተካላቸው ይደነግጋል።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሕግ፣ ቤት የሌለው ልጅ ወይ በቀድሞው ትምህርት ቤት እንዲቆይ መጓጓዣም እንዲሰጠው፣ ወይ አሁን ባደረበት ሰፈር ያለ ወረቀት ወዲያው እንዲመዘገብ ያደርጋል። የቀድሞው ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወይም መንገዱ ከተቋረጠ ፊተኛው ምርጫ ከንቱ ነውና፣ ለራያ የሚጠቅመው ኋለኛው ነው።

ለዚህ ደግሞ ባሕር መሻገር አያሻንም። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር መሸኛ የሚጠይቀው አልነበረም፤ የኔታ አስነብበው፣ ዳዊት አስደግመው፣ ዕውቀቱ ከደረሰበት ላይ ያስቀጥሉታል። በየጁና በራያ ከሸህ ወደ ሸህ የሚሄደው ደረሳም እንዲሁ በቂርኣቱ ይታወቃል። የልመናውን ኑሮ ማመስገኔ አይደለም፤ ተማሪን አድምጦ መመደብ ግን ጥንታዊ ጥበባችን እንደ ነበረ መሰወር አይገባም። አንድ መምህር በግማሽ ቀን ውስጥ ልጁን አስነብቦና አስልቶ፣ እናቱንም ጠይቆ፣ ክፍሉን ሊወስን ይችላል፤ ወረቀቱ በኋላ ይደርሳል።

ክፍል መወሰን ግን ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። ሁለትና ሦስት ዓመት ያመለጠውን የ13 ዓመት ልጅ ከ7 ዓመት ሕፃናት ጋር ቢያስቀምጡት ኀፍረቱ ከትምህርት ቤት ያስወጣዋል፤ ስለዚህ በአገራችን የተሞከረው፣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ክፍሎች በ10 ወር የሚያስጨርሰው የተፋጠነ ትምህርት ለእንዲህ ያለው የተሻለ ነው። በራያ ደግሞ የቋንቋ ጉዳይ ይጨመራል፤ በትግራይ ክልል የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በትግርኛ፣ በአማራ ክልል በአብዛኛው በአማርኛ ስለሚሰጥ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር የተሰደደ ልጅ ሒሳቡን በሌላ አንደበት እንዲማር፣ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናውንም በሌላ አንደበት እንዲፈተን ሊገደድ ይችላል። አስተዳደሩ የማን ይሁን የሚለው ክርክር የትልልቆቹ ነው፤ ልጁን ግን በየትኛው ቋንቋ መማር እንደሚቀልለው የሚጠይቀው ሰው ሊኖር ይገባል።

ከሁሉ የሚከብደው የማደሪያው ነገር ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በደሴ እንደ ታየው፣ በመቀሌም ለዓመታት እንደ ቆየው፣ ተፈናቃይ የሚጠለለው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ነው። ትምህርት ይከፈት በተባለ ጊዜ ወንበር የሚሰጠው ልጅና ፍራሹ የሚነሣበት ልጅ አንድ ሰው ሆነው ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ምደባውን የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ብቻውን ሊወስነው አይችልም፤ ስለ መጠለያ የሚያስበው ሹም በዚያው ቀን፣ በዚያው ጠረጴዛ መቀመጥ አለበት።