የደማችንን ስኳር የሚመዝነው ማን ነው?

ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ቆሽት የተባለው ዕጢ ከጨጓራችን በስተኋላ ተጋድሞ ቀንና ሌሊት ምን እንደሚሠራ ብንጠየቅ መልስ የምንሰጠው ጥቂቶች ነን። ሥራውን ማወቅ ግን የሰው ሕይወት እስከ ማዳን ያደርሳል።

ጤናማ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ባደረበት ጧት በአንድ ዴሲሊትር ደሙ ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊግራም ያህል ስኳር ይገኛል። የአንድ ጐልማሳ ደም 5 ሊትር ያህል ነው ብንል፥ በመላው ደሙ የሚዞረው ስኳር ከአንድ የሻይ ማንኪያ እምብዛም አይበልጥም ማለት ነው። ይህ ልክ ቢበዛም ቢያንስም ጉዳት አለው።

እንጀራ በበላን ጊዜ ምግቡ በሆዳችን ልሞ፥ ወደ ስኳርነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ያን ጊዜ ቆሽት ኢንሱሊን የተባለውን ሆርሞን ይልካል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ሆኖ የጡንቻንና የስብን ሕዋሳት ለስኳሩ ይከፍታል፤ ጉበትም የተረፈውን እንደ እህል በጎተራው እንዲከት ያደርጋል። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንበላ ስንቆይ ደግሞ ሌላው ሆርሞን፥ ግሉካጎን፥ ጉበትን «ጎተራህን ክፈት!» ይለዋል። አንጎል ዘወትር ስኳር ይፈልጋልና፥ የጾመ ተማሪ ከትምህርቱ፥ የጾመ ጸሐፊም ከሥራው ሳይስተጓጐል የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም ሰውነት አልታዘዘው ሲል የስኳር በሽታ ይመጣል። በ1889 እ.ኤ.አ. ሚንኮቭስኪና ፎን ሜሪንግ የተባሉ ሊቃውንት የአንድ ውሻ ቆሽት ቢያወጡ፥ ውሻው በዚሁ በሽታ ተያዘ። በ1921 ባንቲንግና ቤስት በካናዳ፥ በቶሮንቶ ከተማ፥ ከውሻ ቆሽት መድኃኒቱን አወጡ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ በሞት አፋፍ ላይ ሳለ ተወጋ። የመጀመሪያው መርፌ እምብዛም አልረዳውም፤ ኮሊፕ የተባለው ሊቅ አጣርቶ ባዘጋጀው መድኃኒት ግን ስኳሩ ወረደ። ልጁም ከዚያ በኋላ 13 ዓመት ኖረ።

ሆኖም በመርፌ የገባ ኢንሱሊን፥ ቆሽት እንደሚልከው ኢንሱሊን፥ የደሙን ልክ አይቶ ራሱን አይገታም። ስለዚህ ሕመምተኛው ተወግቶ ምግቡን ቢያዘገይ ስኳሩ ከልክ በታች ይወርዳል፤ ያልበዋል፥ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩም ይዘበራረቃል። የማያውቅ ሰው «ሰክሯል» ብሎ ይስቅበታል፤ እርሱ ግን በዚያች ሰዓት ከሞት ጋር ይታገላል።

እንግዲህ በክፍላችሁ ወይም በመሥሪያ ቤታችሁ እንዲህ ያለ ባልንጀራ ቢኖራችሁ፥ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ፈጥናችሁ በውሃ የተበጠበጠ ስኳር አጠጡት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳታደርጉ ወደ ሐኪም አድርሱት። ሊጾም ቢያስብም አስቀድሞ ሐኪሙን እንዲያማክር ምከሩት። አንድ ማንኪያ ስኳር ዋጋው ትንሽ ነው፤ በጊዜው ሲደርስ ግን ሰው ያድናል።