የቆሮሶ መሸሸጊያ በመስተዋት ገንዳ ውስጥ

ከጅጋ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር የደረሰ ተማሪ የጣናን ቆሮሶ ሳይቀምስ አይመለስም። ይሁን እንጂ ይህን ዓሣ ከሳህን ላይ ሳይሆን በሕይወት ሳለ ለመመልከት ዕድል የሚገጥመን ጥቂቶች ነን። በዚህ ጽሑፍ ቆሮሶን በቤት ወይም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣ በመስተዋት ገንዳ (አኳሪየም) ውስጥ ለማኖር ምን እንደሚያስፈልግ እንመለከታለን። ይልቁንም ብዙ ጊዜ እንደ ጌጥ ስለሚቆጠረው ስለ መሸሸጊያ እናተኩራለን።

ቆሮሶ፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ፣ ሲክሊድ ከሚባለው የዓሣ ቤተሰብ ይመደባል። ይህ ቤተሰብ በማላዊ ሐይቅ ብቻ ብዙ መቶ ዝርያዎች አሉት። በጣና ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ላቢዮባርበስ የተባለው ወገን በ15 ያህል ዝርያዎች ሲከፋፈል፣ ከሲክሊዶች ያለው ቆሮሶ ብቻ ነው።

የብዙ ሲክሊዶች ዋነኛ ጠባይ ድንበር ማስከበር ነው። በመራቢያ ወቅት ወንዱ ቆሮሶ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ሳህን የመሰለ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ የሚቀርበውን ሌላ ወንድም ያባርራል። ሴቷ በጎጆው ውስጥ የጣለችውን እንቁላል ወዲያው በአፏ ለቅማ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ከአፏ ሳታወጣ ትጠብቀዋለች። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

በሐይቅ ውስጥ የተሸነፈ ዓሣ ጥቂት ሜትር ዋኝቶ ከአሸናፊው ዓይን ይሰወራል፤ ጠቡም በዚያው ያበቃል። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ውስጥ ግን የሚደርስበት ቦታ የለም። ጥግ ይዞ ቢቆምም አሸናፊው ያየዋል፤ ስላየውም እንደገና ያባርረዋል። ይህ ሲደጋገም በተሸናፊው ደም ውስጥ ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይጨምራል፤ ዓሣው መመገብ ይቀንሳል፣ ዕድገቱ ይገታል፣ በሽታን የመቋቋም ኃይሉም ይዳከማል። ብዙ ጀማሪዎች «ዓሣዬ ያለ ምክንያት ሞተ» የሚሉት ይህን ሳያስተውሉ ነው። እንግዲህ መሸሸጊያ በገንዳ ውስጥ የሚያገለግለው ርቀትን ተክቶ ነው።

ቆሮሶ ለተመልካች የሚሰጠው አንድ ጠቃሚ ምልክት አለ። የበላይነቱን ያጣ ቆሮሶ የዓይኑ ዙሪያ ይጠቁራል፤ የበላዩ ዓይን ግን ፈካ ብሎ ይታያል። ተማሪዎች ያለ ምንም መሣሪያ፣ በእርሳስና በደብተር ብቻ በየቀኑ መዝግበው የገንዳውን የሥልጣን ተዋረድ ሊያወጡበት ይችላሉ። እኛ ከዚህ የተሻለ ርካሽ የሥነ ሕይወት ሙከራ አናውቅም።

ወደ አሠራሩ ስንመጣ፣ ርዝመቱ 100፣ ስፋቱ 40፣ ከፍታው 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ይይዛል። ውኃው ብቻውን 200 ኪሎ ግራም ስለሚመዝን ገንዳው ጠንካራና ደልዳላ መቆሚያ ይፈልጋል። በዚህ ውስጥ ርዝመታቸው 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አምስት ወይም ስድስት ጫጩቶችን ማስገባት ይበቃል። ሁለት ብቻ ማስገባት ግን አይመከርም፤ የበላዩ ቁጣ ሁሉ በአንዱ ላይ ያርፋልና።

ለመሸሸጊያ የሚሆነው ነገር በአካባቢያችን ሞልቷል። የወንዝ ጥቁር ድንጋይ መልካም ነው። ድንጋዩ የኖራ ዘር ያለው መሆኑ ካጠራጠረ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ ማድረግ ነው፤ አረፋ ካወጣ የውኃውን ጠባይ ስለሚለውጥ ይቅር። ትልልቆቹ ድንጋዮች አሸዋ ከመፍሰሱ በፊት በገንዳው ወለል ላይ መቀመጥ አለባቸው። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ፣ ቆሮሶ ሥሩን ሲዝቅ ተንዶ ዓሣውን ይደፈጥጣል፤ መስተዋቱንም ይሰብራል። ከወለሉና ከድንጋዩ መካከል ስስ ፕላስቲክ ማንጠፍ አይከፋም።

የሸክላ ገልም ያገለግላል፤ ነገር ግን አዲስ ይሁን። በጎመን ዘር የታሸ ምጣድ ወይም በወይራ የታጠነ የጠላ እንስራ ዘይቱንና ጭሱን ይዞ ስለሚኖር ለዚህ አይሆንም። ከሁሉ በላይ እያንዳንዱ ዋሻ መግቢያና መውጫ ይኑረው፤ አንድ በር ብቻ ያለው ዋሻ ለተሳዳጁ ወጥመድ ነውና። የበሩ ስፋት ትንሹን የሚያስገባ፣ ትልቁን የሚከለክል ቢሆን ይመረጣል። የዋሻዎቹ ቁጥር ከዓሦቹ ቁጥር ይብለጥ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከፍ ብለው ገንዳውን በእይታ ይከፋፍሉት፤ ከአንዱ ጫፍ ሌላው ጫፍ በቀጥታ የሚታይ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ውኃውን በተመለከተ የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲተን ለአንድ ቀን ያህል በክፍት ዕቃ ይቀመጥ። ከዚያም ትዕግሥት ያስፈልጋል። ከዓሣ የሚወጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ጉዳቱ አነስተኛ ወደ ሆነው ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ዓሣ ከመግባቱ በፊት በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ በውኃው ውስጥ ቢበሰብስ ባክቴሪያዎቹ የሚመገቡት አሞኒያ ያገኛሉ። የሙቀቱ መጠን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሆን መልካም ነው።

የኦክስጅን ጉዳይ ለደጋና ለወይና ደጋ ነዋሪ የተለየ ትኩረት ይሻል። በ25 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ ከ1,800 ሜትር በላይ በምትገኘው ጅጋ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ከ7 ሚሊ ግራም በታች ነው የሚይዘው። መብራት ጠፍቶ የአየር መንፊያው ሲቆምም ክምችቱ ቶሎ ያልቃል። በዚህን ጊዜ ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ ይረዳል፤ ምግብም አይሰጥ።

ቆሮሶ እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሊያድግ ስለሚችል ገንዳው የዘላለም ቤቱ ሊሆን አይችልም። ካደገ በኋላ ወደ ዓሣ እርባታ ኩሬ ማዛወር ወይም ለምግብ ማዋል ይቻላል። ወደ ብር ወንዝም ሆነ ወደ ሌላ ወራጅ ውኃ መልቀቅ ግን ፈጽሞ አይገባም። የጣና ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ዓሦች በጢስ ዓባይ ፏፏቴ ተለይተው ለብዙ ሺህ ዓመታት ኖረዋል፤ ብር ወንዝ ደግሞ ዓባይን የሚቀላቀለው ከፏፏቴው በታች ነው። በባልዲ የተወሰደ አንድ ዓሣ ፏፏቴው የለያቸውን በአንድ ቀን ሊያገናኝ፣ በሽታና ጥገኛ ተሕዋስያንም ይዞ ሊሄድ ይችላል።